የአድማስ ጠባቂዎች የጥናት ጉዞ

ሕዝብን ከጥፋት የሚታደግ ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። ለኛ ከተማ የደረሰላት የእህቴ ባል ክላይቭ ነው። ዕድሜውን የመዋኛ ገንዳ ሲጠግን ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት አድማስ የሚባል ነገር መኖሩን አስተዋለና ጥበቃውን ያለ አንዳች ክፍያ ተረከበ። "የአድማስ ጠባቂዎች ኮሚቴ" ሲቋቋምም በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር ሆነ። ሙሉ ድምፁ አራት ነበር፤ አንዱ የኔ ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የኔ ሙያ ግን ከልቤ ወጥቶ አያውቅም።

አደጋው የመጣው በእናቴ በኢርማ ኮረብታ በኩል ነው። አንድ ድርጅት እዚያ የነፋስ ተርባይን ልትከል ብሎ ጠየቃት። እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ዝናብ አልጣለም፤ በጎቿ አቧራ ይግጣሉ። መሬቱን ለማከራየት ከፈረመች እርሻዋ ላይ ትቆያለች፤ ካልፈረመች ሸጣው አደላይድ ከተማ፣ ውሻዋን እንኳ ይዛ የማትገባበት የአረጋውያን መኖሪያ ትገባለች። ድርጅቱ መልሷን እስከ ሰኞ ይፈልጋል። ይህ የአንዲት ግለሰብ ጥቃቅን ጉዳይ፣ ከክላይቭ በረንዳ ከሚታየው አድማስ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የማይገባ መሆኑን ኮሚቴው በጥልቀት ገምግሟል። ግምገማውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናቴ ናት፤ አፍሬአለሁ፤ ግን ጽፌአለሁ።

በተቀመጠው አቅጣጫ መሠረት ቅዳሜ ጠዋት የቤተሰብ የጥናት ጉዞ ተደረገ። ዓላማውም እናቴ አራት ሰዓት ተጉዛ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ያለውን የነፋስ ኃይል ጣቢያ በዓይኗ አይታ፣ በጆሮዋ ሰምታ፣ በጤናዋም ተጎድታ እንድትመለስ ነበር።

ክላይቭ ለእያንዳንዳችን የሕመም መመዝገቢያ ቅጽ አደለን። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጆሮ ጩኸት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ኀዘን። "ደህና ነኝ" የሚል ሳጥን አልነበረውም። ከኋላ ወንበር በኔና በእናቴ መካከል ሁለት ዶሮዎች በቅርጫት ተቀምጠዋል። ተርባይን አጠገብ ዶሮ ዕንቁላል እንደማትጥል ኮሚቴው ቀድሞ ስላረጋገጠ፣ የቀረው ማስረጃ መፈለግ ብቻ ነበር። ዶሮዎቹ በሰነዱ ላይ ምስክር አንድና ምስክር ሁለት ይባላሉ።

ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ስንደርስ እህቴ ጆሊን መኪናውን አስቁማ፣ ነዳጅ ማደያ የበላችውን የሥጋ ፓይ አስመለሰችው።

"ጻፍ!" አለኝ ክላይቭ። "ማቅለሽለሽ፤ አራት ሰዓት ከሃያ።"

"ኧረ በናትህ ክላይቭ፣ ገና ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይቀረናል" አለች ጆሊን አፏን እየጠረገች።

"እሱ እኮ ነው የሚያስፈራው! ከሰማንያ ኪሎ ሜትር እንዲህ ካደረገሽ ስትጠጊው ምን ሊያደርግሽ ነው?"

"ፓዩ ነው ያደረገኝ።"

"ፓዩንስ ያሞቀው ማነው? ኤሌክትሪክ አይደለም?"

እናቴ በመስኮቱ የደረቀውን ማሳ እያየች፣ "ይሄ ሰውዬ ገንዳውን ሲጠግን ይሻል ነበር" አለች። የነገረችው ለዶሮዎቹ ነው።

ስንደርስ ሙቀቱ አርባ አንድ ዲግሪ ገብቷል። ሠላሳ ያህል ነጭ ማማዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመዋል፤ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ክንፎቻቸውን ያዞራል። ዛፍ ለመድኃኒት የለም። ድምፁን እውነት ለመናገር ከማዕበሉ ለይቼ መስማት አልቻልኩም። ክላይቭ ግን ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ጆሮውን ይዞ ነበር።

ቅርጫቱን አንዱ ማማ ሥር አስቀመጥነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምስክር ሁለት ዕንቁላል ጣለች።

"ክላይቭ፣ ጣለች እኮ" አልኩት።

"አየሁ። የድንጋጤ ዕንቁላል ነው፤ ጻፍ።"

"የድንጋጤ?"

"ሰው ሲደነግጥ ሽንቱ ያመልጠው የለ? እንደዚያ በለው።"

እናቴ ዕንቁላሉን አንስታ አገላበጠችው። "እንዲህ ከሆነስ የኔዎቹንም ባስደነገጠልኝ" አለችና ከቦርሳዋ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ግን ወደ ክንፎቹ ቀና ብላም አላየች። የምታየው መሬቱን ነበር። ከቀትር በኋላ ማማው በጣለው ረጅም ጥላ ላይ ስድሳ የሚሆኑ በጎች አንድ ባንድ ተሰልፈው ተኝተዋል። ጥላው ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ሲል ተነስተው ፈቀቅ ይላሉ፤ መልሰውም ይተኛሉ። እናቴ ታጣፊ ወንበሯን ዘርግታ ከሰልፉ ጫፍ ተቀመጠች።

"ባለፈው በጋ አርባ በግ ቀብሬአለሁ" አለች። "ጥላ አጥተው።"

ቅጹን ገለጥኩ፤ ምክንያቱ ለታወቀ ኀዘን የሚሆን ሳጥን የለውም።

ክላይቭ ሰባት ገጽ ንግግሩን አውጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። የመጀመሪያውን ገጽ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው መላጣው ቀልቶ በሁለት በጎች መካከል ገባ።

"ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል! እነዚህ ጭራቆች ለሰውም ሆነ ለእንስሳ አንዳች ጥቅም..."

ጥላው ፈቀቅ አለ። በጎቹ ፈቀቅ አሉ። ክላይቭም ፈቀቅ ብሎ፣ "...የላቸውም!" ሲል ዐረፍተ ነገሩን ደመደመ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ወፍራም በግ ቦታውን ያዘችበት፤ "ይቅርታ" ብሏት አለፈ።

"ክላይቭ ልጄ፣ እስቲ እሱን ፀሐዩ ላይ ሆነህ አንብበው" አለችው እናቴ።

"እማማ፣ ይሄ የመርህ ጉዳይ ነው እንጂ የቦታ ጉዳይ አይደለም!"

"መርህህ ከሆነ ፀሐይ አያቀልጠውም። ውጣ።"

ወጣ። ጀግና ነውና ወጣ። ሁለት አንቀጽ አንብቦ ግን ተመለሰ፤ ሲመለስም አስታራቂ ሐሳብ ይዞ ነው።

"ኮሚቴው በሆደ ሰፊነት ማማው እንዲተከል ይፈቅዳል" አለ። "ክንፉ ግን እንዳይገጠም።"

"ክንፍ የሌለው ምሰሶ ምን ሊያደርግላቸው?" አለች ጆሊን።

"እሱ የነሱ ራስ ምታት ነው።"

እናቴ የኪራይ ውሉን ከቦርሳዋ አወጣችና እጇን ወደኔ ዘረጋች። "አንተ፣ እስክሪብቶህን አምጣ።"

"እንዳትሰጣት!" ጮኸ ክላይቭ። "በስብሰባ ያልጸደቀ ነገር ነው!"

ሰጠኋት። ውሉን ቅርጫቱ ላይ አስደግፋ ፈረመች።

አሁን ማማዎቹ በእናቴ ኮረብታ ላይ ከነክንፋቸው ቆመዋል፤ እናቴም፣ ውሻዋም፣ በጎቿም ቤታቸው ናቸው። ኮሚቴው ግን ትግሉን አላቆመም። በቅርቡ ሃያ ሦስት ፊርማ የያዘ አቤቱታ ለእናቴ አቀረበ። ከሰዓት በኋላ የማማዎቹ ጥላ ወደ ምሥራቅ ብቻ ስለሚወድቅ፣ በስተምዕራብ የሚገኘው የሊቀመንበሩ በረንዳ ግልጽ አድልዎ ደርሶበታልና በአስቸኳይ እንዲስተካከል የሚጠይቅ ነው።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። መልሷንም እንዳደርስላት በቃል ነገረችኝ።

"በጎቹ ቀድመውታል። ከኋላ ይሰለፍ።"