መመሪያ በሰሊጥ ማሳ

ጽሑፍን ቃል በቃል ሸምድዶ የሚይዝ ሰው ባየሁ ቁጥር ቅናት ይሁን አክብሮት የማላውቀው ነገር ይሰማኛል። እኔ በተማሪነቴ ደብተሩን ትራስ ሥር አድርገው ከሚተኙት ወገን ነበርኩ። ሌሊቱን ከደብተሩ ወደ ጭንቅላቴ አንዳች ነገር ይሻገራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጠዋት የማገኘው ግን የአንገት ሕመም ነው። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ዘዴ መሰብሰብ ጀመርኩ። የየዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ መጻፍ፣ ረጅሙን አንቀጽ ቆራርጦ መያዝ፣ ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ መጀመሪያው መምጣት፣ እየተንጎራደዱ ጮክ ብሎ ማለት። ሁሉንም ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። የባለቤቴን ስልክ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ በቃሌ አላውቀውም። አትሳቁ፤ እናንተስ የስንት ሰው ታውቃላችሁ?

የምኖረው መተማ ቆላ ውስጥ፣ ኮኪት ነው። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሼህ ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘዋል፤ ስኳር እየመዘኑም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከጎጃም የመጣ አንድ ገበሬ ደግሞ ዳዊቱን እያለ ማሽላ ያርማል፤ ትልሙ ሲያልቅ መዝሙሩም ያልቃል። ሁለቱንም በየተራ «ዘዴያችሁ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ሁለቱም ሳቁብኝ። በዚህ የተነሳ ነገሩ ከልጅነት የተጀመረ የሃይማኖት ሰዎች ጸጋ ነው፣ ለሌላው አይሆንም ብዬ ደምድሜ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ጥቅምት አያ ጥጋቡ ደጄን አንኳኩ። አያ ጥጋቡ ትራክተር ላይ ያረጁ ሹፌር ናቸው፤ ሞተር ሲያስነጥሰው የቱ ጋ እንደበረደው ያውቃሉ። ፊደል ግን አልቆጠሩም። ያን ቀን በእጃቸው የያዙት ላብ ያራሰው ሃያ አራት ገጽ የትራክተር አያያዝ መመሪያ ነበር። የሚሠሩበት እርሻ ባለቤት አዲስ ትራክተር ገዝቷል፤ የሚነዳውም የምስክር ወረቀት ያለው ብቻ ነው ብሏል። ፈተናው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ማንበብ የማይችል በቃል ይጠየቃል።

«ከወደቅሁ በሰኔ መሪውን ሌላ ይይዝና እኔ ካምፕ ጠባቂ እሆናለሁ» አሉኝ። «ሌላ ሰው ሲያርስ ቁጭ ብዬ ልይ? መምህር፣ ይሄ ሞት አይዶለም?»

«እርስዎ እኮ ከመጽሐፉ በላይ ያውቁታል።»

«ማወቄን ማን ጠየቀኝ! መጽሐፉ ያለውን በል ነው የሚሉኝ። አንዲት ቃል ዝንፍ ካለች ይጥላሉ አሉ።»

መመሪያውን ስገልጠው የፈሩት እውነታቸውን መሆኑ ገባኝ። እሳቸውም እኔም እናንተም ፍሪሲዮን የምንለውን መጽሐፉ «የኃይል ማስተላለፊያ ማቋረጫ ፔዳል» ይለዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲረግጡት የኖሩት አያ ጥጋቡ ይህን ስም ሲሰሙ እግራቸውን ሰበሰቡ።

ዘዴዎቼን አንድ በአንድ አወጣሁ። የመጀመሪያ ፊደል ዘዴ ፊደል ለማያውቅ ሰው እንደማይሆን የገባኝ አስረድቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ቆራርጠን ሞከርን፤ ቁርጥራጩ በየፊናው ሄደ። በዜማ ሞከርን፤ ዜማው ወዲያው ያዛቸው፣ ቃሉ ግን ጠፍቶ ትከሻቸው ብቻ ሲነቃነቅ ቀረ። በሦስት ቀን ሦስት መስመር አልያዝንም። በመጨረሻ ሲደክመኝ አንድ ከሰዓት ተቀምጬ መመሪያውን በሙሉ እያነበብኩ በስልኬ ድምፄን ቀዳሁና፣ ለሳቸውም ስልክ አሳልፌ «እየደጋገሙ ይስሙት» ብዬ ሸኘኋቸው። ገላገልኩ ያልኩት እሳቸውን ሳይሆን ራሴን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወሬው መጣ፤ አያ ጥጋቡ ማሳ ውስጥ ብቻቸውን ያወራሉ ተባለ። ሄድኩ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ተደጋግፎ ቆሟል። ይህን ክምር እኛ ሂላ እንለዋለን። እስከ ዓይን መጨረሻ ሂላ ነው። አያ ጥጋቡ አንድ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ከአንዱ ሂላ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ይቆማሉ፤ ያነበንባሉ፤ ደግሞ ይሄዳሉ። ከወሎ የመጣ አንድ አጫጅ «ጠሐይ ነው የመታቸው» ብሎ ሹክ አለኝ።

«ያንተ ዘዴ ለወረቀት ነው» አሉኝ ሲያዩኝ። «እኔ ማሳ ነው ያለኝ። ለአንዱ ሂላ አንድ ነገር ሰጠሁት። ከዳር እነሳለሁ፤ እሱ ጋ ስደርስ ያስቀመጥሁትን ይነግረኛል። ሲጨርስ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።»

ብልሃቱን ወደድኩት፤ ግን ፈራሁላቸው። ሰሊጥ ሲደርቅ ይራገፋል። በሳምንቱ ሠራተኞቹ ሸራቸውን እያነጠፉ፣ ነዶውን እየገለበጡ አራገፉት፤ ፍሬው በኬሻ ሆኖ መኪና ላይ ተጫነ። የሰውዬው መጽሐፍ ተጭኖ ሄደ ብዬ መመሪያውን ይዤ ሮጥኩ። ማሳው ራቁቱን ቀርቷል። እሳቸው ዳር ላይ ቆመው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ።

«እንግዲህ ምን ልንሆን ነው?» አልኳቸው።

«ምን ሆንን? እኔ ጋ ቆሟል» አሉና መራመድ ጀመሩ።

ባዶ መሬት ላይ ይሄዳሉ፤ ሂላ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። «የሞተር ዘይት መጠን ሞተሩ ከመነሳቱ አስቀድሞ ይታያል።» ይራመዳሉ። «የራዲያተር ክዳን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም።» በጣቴ እየተከተልኩ ነው። አንድ «እና» አልጎደለም፤ አንድ «ም» አልተረፈም። መሃል መሃል ላይ ይስላሉ፤ ጉንፋን ይዟቸው መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ድምፄን ስቀዳ የሳልኩት የኔ ሳል ነው። ገጽ ስድስት ላይ ስንደርስ መመሪያውን ዘጋሁት። ምኑን ልቆጣጠር? የሰው ጭንቅላት ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን፣ ያውም በዚያ በምንቀው ጸጥታው ውስጥ፣ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ፈተናው መተማ ዮሐንስ ነበር። ሸኚ ሆኜ በሩ ሥር ቆምኩ። ፈታኟ ወጣት ሴት ናት፤ ሙቀቱ አሰልችቷታል፤ ወረቀቷን አየችና «ትራክተር ቁልቁለት ሲወርድ የፍሬን አጠቃቀሙ እንዴት ነው?» አለች።

ለምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ለዚያ ለጥ ላለ ሜዳ፣ ቁልቁለት!

«ከዳር ልጀምርልሽ?» አሉ አያ ጥጋቡ።

«የለም አባባ፣ ጥያቄውን ብቻ ይመልሱ።»

«ከመሃል ከመዘዝሁት ሁሉም ይረግፍብኛል፣ ልጄ።»

ትከሻዋን ሰበቀችና ፈቀደች። ከግድግዳው ተነስተው ወደ መስኮቱ መራመድ ጀመሩ። ዘይቱን አሉት፤ ራዲያተሩን አሉት፤ ሳልኩ። ማለቴ፣ ሳሉ። ገጽ ሰባት ላይ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ «ወይንሸት፣ ኧረ ዶሮዎቹ ገቡ!» አሉ። ወይንሸት ባለቤቴ ናት። ፈታኟ አፏን በወረቀቱ ሸፈነች። እኔ የምገባበት አጣሁ። እሳቸው ግን ዶሮዎቹን አስወጥተው ወደ ፍሪሲዮኑ አለፉ።

ገጽ ዘጠኝ ላይ ቆሙ። ዝም አሉ። ፈታኟ ቀና አለች። እሳቸው መስኮቱን እያዩ ዝም። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት። ሰኔ በዓይኔ መጣ፤ ካምፑ በር ላይ ጭራ ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ታዩኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ አንድ እርምጃ ሰማሁ፤ «ቁልቁለት በሚወረድበት ጊዜ ማርሽ ከቦታው አይለቀቅም፤ የግራና የቀኝ ፍሬን በማያያዣው ተቆልፎ በአንድነት ይረገጣል።» ፈታኟ «ይበቃል አባባ፣ አልፈዋል» አለች። እሳቸው አልሰሟትም። እስከ ገጽ ሃያ አራት ሄደው «ኸላስ፣ አለቀ» ሲሉ ነው የተቀመጡት። እሷም አላቋረጠቻቸውም፤ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በሁለት እጇ አገጯን ደግፋ ሰማቻቸው።

ያቺ ዝምታ ግን አልለቀቀችኝም። ቤቴ ገብቼ የቀዳሁትን ከፈትኩና ገጽ ዘጠኝን ፈለግሁ። ቅጂው ላይ ባለቤቴ «ለማን ነው እንዲህ የምትለፋው?» ትለኛለች። «ለአያ ጥጋቡ ነው» ይላል የኔ ድምፅ፤ «እምቢ ማለት አሳፍሮኝ እንጂ ከንቱ ልፋት ነው። የሳቸው ጭንቅላት ሦስት መስመር አይዝም።» ከዚያ የገጽ መገለጥ ድምፅ፣ ከዚያ «ቁልቁለት በሚወረድበት ጊዜ»። ልክ ሦስት ትንፋሽ።

ወር ሙሉ በየቀኑ ሰምተውታል። ወር ሙሉ ሲያገኙኝ ኮፍያቸውን አንስተው «መምህር፣ እንዴት አደርህ» ብለውኛል።

ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩና በጠዋት ሄድኩ። እጃቸው በግራሶ ተለውሷል፤ አዲሱን ትራክተር እየዞሩ ያዩታል። አንገቴን ደፍቼ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ስለምኑ?»

«ስለ ገጽ ዘጠኝ።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እሷ የኔ አይዶለችም፤ ያንተ ናት። የሰው ነዶ አላራግፍም ብዬ ዝም አልሁ» አሉ።

«ስልክዎን ይስጡኝማ፤ ቢያንስ ከዚያ ላይ ቆርጬ ላውጣት።»

ስልኩን ከደረት ኪሳቸው እንዳይወጣ በመዳፋቸው ያዙት።

«ተው፣ መምህር! ከሷ ቀጥሎ ያለው የፍሬኑ ነው። እሷን ካነሳህብኝ ቁልቁለት ላይ ምን ልሆን ነው?»