ክብርት ካሰች እና የኅዳር ጽዮን ዓሣ

ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው ሻንጣ ነው። ሁለተኛው የትኛውም ፈታሽ አግኝቶት የማያውቀው «እዛ እኮ» የሚባለው ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ «እዛ እኮ መብራት አይጠፋም» ይላል፤ የጉና ብርድ ሲገባ «እዛ እኮ ብርድ የለም» ይላል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ «እዛ እኮ ሬሳ አያሳድሩም» ሳይል አይነሳም። ደብረ ታቦር ውስጥ «እዛ እኮ» የሌለበት ሰፈር ካለ ይጠቁሙኝ፤ ነገውኑ ቤት እከራያለሁ።

ሌሎቹን ግን ኑሮ ቀስ እያለ ያስተዋቸዋል። ሽንኩርት ሲወደድ ዱባይም ኩዌትም ይረሳል። አልረሳ ያለችው የእኔ ጎረቤት ብቻ ናት፤ ክብርት ወይዘሮ ካሰች፣ የእብናት ተወላጅ፣ የኦማን ምሩቅ፣ ባሕር በሌለበት ተራራ ላይ ራሷን የሾመች ሊቀ ዓሣ አጥማጅ። ጓደኞቿ ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ተሸክመው ሲመለሱ እሷ ተሸክማ የመጣችው አንድ ቀጭን ዘንግ ነው።

ታሪኩን ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል። የተቀጠረችው ከባሕሩ ዳርቻ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቤት፣ ለምግብ ሥራ ነው። ሽማግሌው ዓሣ ማጥመድ ነፍሳቸው ነበር። ልጆቻቸው አብሮ መሄዱ ስለሰለቻቸው፣ ውኃና ጃንጥላ ይዛ የምትከተላቸው ካሰች ሆነች። ኋላ ዓይናቸው ሲደክም ዘንጉም ወደ እሷ ዞረ። ባሕሩ እዚያ ጋ ከጉልበት አያልፍም አሉ፤ አሸዋው ነጭ፣ ውኃው ለብ ያለ ነው። ዓሣው ደግሞ «የአጥንት ዓሣ» ይባላል። መስተዋት ስለሚመስል እሱ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው አሸዋው ላይ የሚሄደው ጥላው ነው። በትል አይያዝም። ከላባና ከክር የተሠራ የውሸት ዝንብ መንጠቆው ላይ ታስሮ፣ ከሩቅ ተወርውሮ፣ አፍንጫው ፊት ድምፅ ሳያሰማ ማረፍ አለበት።

እስከዚህ ድረስ ሰው በትዕግሥት ያዳምጣል። ጉዱ የሚፈላው አንዱ «ታዲያ ሥጋው ይጣፍጣል?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ነው።

«አይበላም እኮ! ይዘህ ትለቀዋለህ።»

ይህን መጀመሪያ የሰሙት የማኅበራችን ሙሴ ጋሼ ይሻው ናቸው። ማኅበሩን የሚመሩ፣ ጽዋ የሚያዞሩ፣ ነገር የማያልፉ ሽማግሌ ናቸው። «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ለብልቦሽ የያዝሽውን?» አሏት። «አዎ ጋሼ» አለች። «ይህማ በሬ ጠምዶ ሳያርሱ መፍታት ነው» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከተማው ፈረደ፤ ካሰች ባሕር አላየችም፣ ወጥ ቤት ተዘግቶባት ኖራ በሐሳቧ የፈጠረችው ነው ተባለ።

እሷ ግን ምን ይበግራታል! ማለዳ ማለዳ አጅባር ሜዳ ወጥታ ደረቅ ሣር ላይ ክሯን ትወረውራለች። ፈረሶች ይደነብራሉ፤ መንገደኛ ያማትባል። አንድ ቀን መንጠቆው የቄስ ወርቁን ጥምጥም ይዞ ወደ ኋላ አስቀረው፤ ክብርትነቷ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ «አባ፣ በጀርባዬ በኩል አይለፉ እኮ ብዬ ነበር» ብላ ገሠጸቻቸው። የጎረቤታችን የብዙነሽ አውራ ዶሮም የአንገቱን ላባ ጨርሶ ለውሸት ዝንቧ ሳይንስ አበረከተ። ብዙነሽ አጥሩ ላይ ቆማ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!» ብትል፣ ካሰች ከውስጥ ሆና «የአንቺ ዶሮ ላባ ትንሽ ይወፍራል እንጂ ሸጋ ነው» አለቻት።

ነገሩ የከረረው በጥቅምት ማኅበር ላይ ነው። የኅዳር ጽዮን ማርያም ተራ የካሰች ነበር፤ ጽዋውን ተቀብላ ስታበቃ «ዓሣ አበላችኋለሁ፤ በገዛ እጄ ይዤ» ብላ ተናገረች። መጀመሪያ በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ጠብ ተነሳ። የነፍስ አባታችን የጣና ዳር ተወላጅ ስለሆኑ፣ ሲጠየቁ ጣራውን አይተው ዝም አሉ፤ ዝምታውም እንደ ፈቃድ ተቆጠረ። ቀጥሎ ጋሼ ይሻው ጣታቸውን አነሱ።

«ከወረታ ገበያ ገዝተሽ ያዝሁት ብትይንሳ? ምስክር ይሂድ። ማሩ ይሂድ፤ እሱ በጭራሽ አያምናትም።»

ማሩ እኔ ነኝ። ሹመቴን በደስታ ተቀበልኩ።

በኅዳር ጽዮን ዋዜማ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ወረታ ወረድን። ከዚያ በባጃጅ፣ ቀጥሎ በእግር፣ ጣና ከክረምት በኋላ ሸሽቶ ጥሎት ወደሄደው የፎገራ ሜዳ ውኃ ደረስን። ሰዎች ሩዝ ያጭዳሉ። ውኃው ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ያልፋል፤ ሣሩ ከሥሩ ይታያል። እኔ ለዓሣው መያዣ ማዳበሪያ ከረጢት ይዤ፣ በቦቲዬ እየተንቦጫረቅሁ ገባሁ።

«አትርገጠው ውኃውን! ዓሣው በእግርህ ነው የሚሰማህ» አለችኝ።

«እዛ እኮ አይረገጥም?» አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ዓይኗን ከውኃው ሳትነቅል «ወጥ ቤት ብቻ ነበርሽ ይሉኛል» አለች። «ወጥ ቤትም ነበርኩ፤ ስንቱን ድስት ፈግፍጌያለሁ። ባሕሩም ነበር። ድስቱን ሲያምኑኝ ባሕሩን ለምን ይከለክሉኛል?» ከረጢቴን ይዤ በቀስታ መራመድ ጀመርኩ።

ረፋዱ በከንቱ አለፈ። መንጠቆው ሣር ያዘ፣ ሸምበቆ ያዘ፣ የእኔን ኮሌታ ያዘ። አልቅቶች ቦቲዬ ውስጥ ገብተው እግሬ ላይ ማኅበር ጠጡ። ልቤ «ለጋሼ ይሻው የምነግረውን ላዘጋጅ» ሲል፣ ካሰች ድንገት ቆመች። በእጇ ዝም በል አለችኝ። ከፊታችን ሣሩ መሐል አንድ ጥላ ይሄዳል። ዓሣውን አላየሁትም፤ ጥላውን ግን፣ በማርያም ስም፣ አየሁት።

ክሩ ከራሷ በላይ ሁለት ጊዜ ተመላለሰና ወረደ። ያቺ የብዙነሽ ዶሮ ላባ ውኃውን ሳታናውጥ አረፈች። ጥላው ዞረ። ከዚያ ክሩ ተወጠረ፣ ክሩ የተጠቀለለበት መዘውር ጮኸ፣ ዘንጉ ጎበጠ፤ አጫጆቹ ማጭዳቸውን ትተው «ያዘች! ያዘች!» እያሉ ወደ ዳር ሮጡ። እኔም ከእነሱ በላይ ስጮኽ ራሴን ሰማሁት። እሷ ብቻ አልጮኸችም። ሲሮጥ እየለቀቀች፣ ሲደክም እየሳበች፣ እግሯ ሥር አመጣችው፤ ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ፣ ጎኑ ወርቅ የመሰለ።

ተንበረከከች። መንጠቆውን በሁለት ጣቷ ነቀለች። እኔ የከረጢቱን አፍ ከፍቼ ደረስኩ። ካሰች ዓሣውን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ፊቱን ወደ ውኃው መሐል አዙራ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችና ለቀቀችው።

እኔ ከረጢቱን እንደከፈትኩ ቀረሁ። እሷ ባዶ እጇን አየች፣ ከረጢቱን አየች።

«ውይ በሞትኩት!» አለች። «እጄ! እጄ ለምዶብኝ!»

እዚያው ውኃው ውስጥ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቁም መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። እስኪመሽ ብንዞር ሌላ ጥላ አላየንም። ስንመለስ መንገድ ዳር የመረብ ዓሣ የሚሸጥ ሰው አገኘንና ክንዷን ያዝኳት። «እንግዛ ካሰች። ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ» ብላኝ አለፈች።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ሽሮ በላ። ጥሩ ሽሮ ነበር፤ ግን ዓሣ ተብሎ ለተቀመጠ ሰው ምን ሽሮ ይጣፍጣል? ጸሎቱ እንዳበቃ ጋሼ ይሻው ወደ እኔ ዞሩ። «እህ ማሩ፣ ምስክርነትህን አሰማና።»

«ይዛ ነበር ጋሼ።»

«የታለ?»

«ለቀቀችው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብዙነሽ መሶቡን ተደግፋ ሳቀች። ጋሼ ይሻው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «ላም አለኝ በሰማይ! እሱንም አጋባችበት እኮ!» አሉ። ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ጠበል ጻዲቁ ፊት፣ በዕለቷ በጽዮን ስም ማልኩ። ክንድ የሚያህል ነው አልኩ። ጥላው ቀድሞ ይታያል አልኩ። ውኃ አይረገጥም አልኩ። በተናገርኩ ቁጥር ሳቁ ጨመረ፤ እኔም በተሳቀብኝ ቁጥር ድምፄ ጨመረ። ሰው እውነት ተናግሮ አለመታመን ምን እንደሆነ ያን ቀን ቀመስኩት። እሷ ከተመለሰች ጀምሮ ስትበላው የኖረችው ይህን ነበር።

ካሰች ጠላ ልትቀዳልኝ መጣች፤ ዋንጫዬን እስኪፈስ ሞላችው። ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ጠየቀችኝ።

«አየኸው አይደል?»

«አየሁት።»

ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ «የካሰች ምስክር» ተብዬ ቀረሁ። ሕፃናት ሳይቀሩ በዚህ ይጠሩኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ።