ሰላም ብሎ ያለፈው ፈረሰኛ

ሥዕል ባዩ ቁጥር ለቅሶ የሚቀመጡ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንዱን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ የሰሊጥ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥዕል አንድ ፈረሰኛ ጀርባውን ሰጥቶን ሜዳ ያቋርጣል። ሰውዬው አገጩን ይዞ ብዙ አሰበና፣ «ደመናው ሞት ነው፤ ሜዳው ብቸኝነት» ብሎ አረዳን። ለአረም ሥራ ብቻዋን ወደ ሀዋታ እርሻዎች ልትሄድ እዚያው ሱቁ ውስጥ መኪና የምትጠብቀው ዘሀራ ፊቷ ጠቆረ።

ሐጂ ሚዛናቸውን እየወለወሉ፣ «ደመናውማ ለሰሊጣችን ነው» አሉ። «ደግሞ ፈረሰኛ እግረኛን ቀድሞ ሰላም ማለቱ የነቢያችን ሱና ነው። ጀርባው የሚታየን ሰላም ብሎን ስላለፈ ነው።»

ዘሀራም ሰላምታ ተቀብሎ ዝም ማለት ነውር መሰላት መሰለኝ፣ ወደ ሥዕሉ ዞር ብላ «ወአለይኩም ሰላም» አለችና ሻንጣዋን አንስታ ወጣች።