በጤና አዳም የታሸ ሳጥን

ሰው የማያውቀውን ሲያወራ ድምፁ ለምን እንደሚጎላ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤዋለሁ፤ ሩቅ ሳልሄድ፣ ከራሴው ጀምሬ።

በንብ ነገር ግን አትምጡብኝ። አባቴ ጎንደር ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ ያሳደገን ሰው ነው። እዚህ እስራኤል፣ ከአሽዶድ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሞሻቭ፣ በገበሬዎች መንደር ማለቴ ነው፣ ሺሞን የሚባል ንብ አርቢ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲሉኝ ከምኖርበት ሰፈር ከሮቫ ቫቭ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከተፍ አልኩ። ስለ ንብ ታውቃለህ ወይ አለኝ። ንቦቹን ጠይቃቸው አልኩት። ሳቀና ቀጠረኝ፤ ለጊዜው ብቻ።

ለጊዜው የምትለዋ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ክቪዑት የሚሏትን፣ ቋሚነትን ማለቴ ነው፣ እዚህ አገር የኖረ ያውቃታል። ቋሚ ያልሆነ ሰው ሃኪርያ ሰፈር ያለው ባንክ ቤት ብድር ሊጠይቅ ሲገባ አረማመዱ ያስታውቃል። እኔም ያችኑ ፈለግሁ።

ብርቱካን ሲያብብ ሺሞን ለሁለት ሳምንት ሚሉኢም ተጠራ። የተጠባባቂ ጦር ጥሪ ነው፤ እምቢ አይባልም። ሃያ ቀፎ አስረከበኝ። ሰባተኛው ታሟል፣ ትል ሰሙን ጀምሮታል፣ በየሁለት ቀኑ እየከፈትክ አጽዳው አለኝ። ስመለስ የሰባተኛውን ንቦች ደህና ካገኘኋቸው ቋሚ ነህ አለኝ። አንተ ሳትሰጋ ተኛ አልኩት። የንብ ልጅ ምን ያስፈራዋል?

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ጽዳቱን ነገ እያልኩ ለሺሞን ስጦታ፣ ሃያ አንደኛ ቀፎ፣ ማዘጋጀት ጀመርኩ። አባቴ ባዶ ቀፎ በወይራ ጭስ አጥኖ፣ በጤና አዳም አሽቶ ይሰቅል ነበር፤ አላፊ አግዳሚ የንብ መንጋ ሽታውን ተከትሎ ይገባበታል። ወይራ እዚህ ሞልቷል። ጤና አዳም ግን ያለው ባለቤቴ ትርንጎ በረንዳ ላይ በጣሳ ያሳደገችው ብቻ ነው። ሙልጭ አድርጌ ቀጠፍኩት። አንተ ሰውዬ፣ ውሃ አጠጥተህ የማታውቀውን ለመቅጠፍ ማን ቀደመህ አለችኝ። ለቋሚነታችን ነው ብያት ወጣሁ።

አንድ ባዶ የቀፎ ሳጥን አጠንኩ፣ አሸሁት፣ ከብርቱካኑ ማሳ ጫፍ ዛፍ ላይ አሰርኩት። በአራተኛው ቀን መንጋው ግጥም ብሎ ገባ። ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። በምትታጠፈዋ ሞባይሌ ለትርንጎ ደወልኩ፣ ለአማቴ ደወልኩ፣ ስልኩን ለሚያነሳልኝ ሁሉ ደወልኩ።

ሺሞን ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ሰባተኛው ቀፎ ትዝ አለኝ። ብከፍተው ባዶ። ትሉ ድሩን አድርቶ ቤቱን ለብቻው ወርሶታል። ለካ የሺሞንን ንብ ከሺሞን ቤት አስኮብልዬ፣ ለሺሞን ስጦታ ብዬ ልሰጠው ኖሯል። ክዳኑን መልሼ ገጥሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ልናዘዝ ቆርጬ ጠበቅሁት። የሰባተኛው ንቦች ወደዚህ ሳጥን ሄደዋል አልኩት። ቀሪውን ልጨምር ስል ሳጥኑን ከፈተው። ጎንበስ ብሎ አየ። ንቦቹ ነጭ አዲስ ሰም ሠርተዋል፣ ንግሥቲቱ እንቁላል ጥላለች፣ የትል ዘር የለም። ቀና አለና፣ በሽታውን ከአሮጌው ሰም ጋር ትቶ ንቦቹን ንጹሕ ቤት ማስገባት ትልቅ ዘዴ ነው፣ እኔ ኮርስ ገብቼ ነው የተማርኩት፣ አንተን ማን አስተማረህ አለኝ።

አባቴ አልኩት፣ ፈጠን ብዬ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። እኔ ጠመጠምኩ፣ ቋሚም ሆንኩ። ባንክ ቤት ስገባ አሁን አረማመዴን ብታዩት። ብቻ ሺሞን በዘዴዬ ኮርቶ የሞሻቩን ንብ አርቢዎች በሙሉ ሰብስቧል፤ ሐሙስ ከነጤና አዳሙ ላስተምራቸው ነው። ጣሳው ላይ ሁለት ቅጠል ብቻ አቆጥቁጧል። ትርንጎም በረንዳውን ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ሥራ ሄዳለች።