ውሃ ልክ ይዤ የሄድኩበት ለቅሶ

ጠንቃቃ ሰው እንደ ማንም ሰው ይሳሳታል፤ ልዩነቱ ለክቶ መሳሳቱ ነው። ይህን የምለው ስለ ራሴ ነው። ስለዚህ ሳልጀምር ልናዘዝ፦ ይህን ነገር አዛብቼ አስታውሼው ሊሆን ይችላል። እኔ ቀኑ ቅዳሜ ነበር እላለሁ፤ ጋሽ በላቸው ሐሙስ ነው ይላሉ። የአግዳሚ ወንበሮቹን ቁጥር ግን አልሳሳትም። አሥራ አራት ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ።

ጋሽ በላቸው ጎረቤቴ ናቸው፤ ጭሮ ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሠራሉ። ወደ በደሳ ስትሄዱ መንገድ ዳር ካለ ሥጋ ቤት በር ላይ ፈገግ ያለ በሬ ካያችሁ የእሳቸው እጅ ነው። የሚታረድ በሬ ምን አስቆት ነው? ጠይቄአቸው ነበር። «ደንበኛ ፊት ማን ያኮርፋል አቦ!» አሉኝ።

አምና ሰሌዳ ሲሰቅሉ ከመሰላል ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እናታቸው እማማ ዘነቡ መቻራ ላይ አረፉ። በሽተኛ አይደንግጥ ተብሎ መርዶው ተደበቀ። በክራንች ተደግፈው ሲወጡ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ አርባው ወጥቶ ነበር። ሊያጽናና ለመጣ ሁሉ በራቸውን ዘጉ። «ባለቀ ለቅሶ ላይ ምን አደርጋለሁ?» አሉ። አላለቀሱም፤ ስለ እናታቸውም አንድ ቃል አልተነፈሱም። እንባ እምቢ ሲል ምግብም ይከተለዋል መሰለኝ፣ ራት መብላት ተዉ።

ለእግራቸው ክትትል ሲመላለሱ አንዲት ነርስ፣ «የሚሰማዎትን ይሳሉ» ብላ መከረቻቸው። «በምን ዓይነት ፊደል?» ብለው ጠየቋት። ሠላሳ ዓመት ፊደል የጻፈ ሰው ሌላ ምን ይጠይቅ? «ያለ ፊደል» አለቻቸው።

የቡና ጆንያ ወጥረው ጀመሩ። በሬ የለም፣ ዶሮ የለም፣ ስልክ ቁጥር የለም። አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ፣ ከሥሩ ጥቁር፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ነገር። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላቸው፣ «ባውቀውማ እጽፈው ነበር» አሉኝ። እኔ የመሬት ልኬታ ሠራተኛ ነኝ፤ ድንበሩ የማይታወቅ ነገር ያስጨንቀኛል። ቢሆንም አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ ቀለም የነኩ ቀን ራት ይበላሉ፣ ያልነኩ ቀን አይበሉም። ሦስት ሳምንት በደብተር መዝግቤ አጣርቻለሁ። በመድኃኒት ቤት የማይሸጥ መድኃኒት ማለት ይሄ አይደል?

ሥዕሎቹ አሥራ ሁለት ሲሞሉ ሰው ይያቸው ብዬ ነዘነዝኳቸው። ሰው ወደ እሳቸው ካልገባ በሥዕሉ በኩል ይግባ ብዬ ነው። ለግቢያቸው ጥላ ያስፈልግ ነበርና የእድሩን ድንኳንና ወንበር እንዋስ አልኩ። «ለሥዕል ኤግዚቢሽን» የሚል ደብዳቤ ጽፌ፣ ሦስት ጊዜ አርሜ፣ የእድሩ አባል እሳቸው ስለሆኑ እንዲያደርሱት ሰጠኋቸው። ድንኳኑ መጣ። በውሃ ልክ እየለካሁ ሥዕሎቹን ስሰቅል አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ጋሽ በላቸው ክራንቻቸውን ተደግፈው አዩኝና፣ «ላይና ታቹን እኔ ራሴ አላውቀው፣ አንተ ምኑን ነው የምታስተካክለው?» አሉ።

የመጀመሪያዋ ተመልካች እትዬ ወርቄ ነበሩ፤ የመቻራ ተወላጅ፣ የሰፈራችን አዛውንት። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ ገብተው ተቀመጡ። ሥነ ጥበብ እንዲህ ይነካል እንዴ ብዬ ተደነቅሁ። ቀጥለው ሐጂ ከድር ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» ብለው የጋሽ በላቸውን እጅ ጨበጡ። ያኔ ነው የገባኝ። ኧረ ለመሆኑ የእድር ድንኳን ተተክሎ አይቶ ሥዕል ሊያይ የሚገባ የጭሮ ሰው ማን ነው?

ወደ እትዬ ወርቄ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «ማንም አልሞተም፣ ኤግዚቢሽን ነው» አልኳቸው።

«ቀስ በል!» ብለው ክንዴን ቆነጠጡኝ። «መርዶውን ገና አልነገራችሁትም?»

«የምን መርዶ?»

«ጎሽ! እንዲሁ ደብቅ። እኔ ወሬኛ ነህ ስልህ ነበር።»

አሥራ አራቱም ወንበር ሞላ። ለቅሶ ቤት ምን ይደረጋል? ዝም ብሎ ፊት ለፊት ይታያል። ፊት ለፊት ደግሞ ሥዕሎቹ ነበሩ። የትኛው ሰዓሊ ነው አንድ ሙሉ ሰዓት ሳይንጫጫ የሚመለከት ሕዝብ ያገኘ?

ከዚያ እትዬ ወርቄ ተነሥተው፣ እኔ «ቁጥር አራት» ብዬ የሰየምኩትን ሥዕል ተጠግተው አዩ።

«አንተ በላቸው፣ ይሄ የእማማ ዘነቡ ጓሮ አይደል? ያ ከቡናው ሥር ያለው ጨለማ። ይቺ ቢጫዋ ሻሻቸው ናት።»

ጋሽ በላቸው ሥዕሉን እንደማያውቁት ሰው አፈጠጡበት። «ሻሻቸውን ማን ወሰደው?» አሉ።

«ማን ይወስደዋል ልጄ? አሥረውት ነው የተቀበሩት።»

ያን ጊዜ ጋሽ በላቸው አለቀሱ። ጮኸው፣ እንደ ደንቡ፣ ሰው እየደገፋቸው። ድንኳኑ ሙሉ አብሯቸው አለቀሰ፤ ሐጂ ከድር ኩታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። እኔ መሃል ቆሜ ነበር። በእጄ የያዝኩት የውሃ ልክ አረፋ መሃሉ ላይ አልረጋ አለ።

ማታ ራት በሉ። በደብተሬ ሰፍሯል።

ለወራት ግን ጸጸቱ አልለቀቀኝም። በማስታወቂያ ሠሪ ቤት በር ላይ አንዲት ማስታወቂያ ሳልሰቅል አገር ሙሉ አስለቀስኩ እኮ! በቀደም የእድሩ ንብረት ያዥ አቶ ተካ ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ፤ በደብዳቤዬ ለኤግዚቢሽን ብዬ የተዋስኩት ድንኳን በእኔ ጉድለት ለቅሶ ሆነ ብዬ።

«የምን ደብዳቤ?» አሉኝ። መዝገባቸውን ገለጡ። «በላቸው ራሱ ነው የመጣው። ለምን ጉዳይ ነው ስለው፣ ‹ለእናቴ ለቅሶ› አለኝ። ዘገየህ ልለው አፌ እምቢ አለኝና ሰጠሁት።»

ጣታቸው ካረፈበት መስመር ላይ አነበብኩት። እንዳሉት ነው፦ «ለለቅሶ» ይላል። ቀኑም ሐሙስ ነበር።