ለዓለማየሁ ሳይሞት የነፋሁት ጥሩምባ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ጾም በተፈታ ሰሞን እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ነገሩን ያመጣው ሥጋ ነዋ።

በሕይወት ላለ ሰው የሞት ጥሩምባ የነፋ ታውቃላችሁ?

እኔ ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ በቀለ እባላለሁ፤ ሰፈሬ ቃሊቲ ነው። ከፋብሪካ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲያርፍ እየዞርኩ እነፋለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ፣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ሌላ ዜማ አላውቅም። ፌስቡኩን የከፈተችልኝ ልጄ ናት፤ በአንድ ጣት ስለምጽፍ ታገሱኝ።

ከዚያ ቀን በፊት የጤና ሰዎች ወደ ሰፈራችን አዳራሽ መጥተው ሰው ሲታነቅ፣ ትንፋሹ ሲቆም ምን እንደሚደረግ አስተምረውናል። እግር የሌለው አሻንጉሊት ምንጣፍ ላይ አስተኝተው ደረቱን አስጫኑን። ብዙ ነገር ተናገሩ። ለእኔ የገባኝ አንዱ ነው፤ "ብቻችሁን አትችሉም፣ ጮኻችሁ ሰው ጥሩ።"

መጥራትማ ሥራዬ አይደል?

በዚያን ቀን ጥሩምባዬ ተሰንጥቆ ብየዳ ቤት አስበይጄው ይዤው ስመለስ ዓለማየሁ ከሥጋ ቤት ውስጥ ጠራኝ። ዓለማየሁ የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፍርና የጨረሰ ሰው ነው። መኪናው ፍሬን ነበረው፤ እሱ ግን ሲበላም ሲያወራም ፍሬን የለውም።

"ና ግባ" አለኝ፣ "ያን ዕቃህን ግን ወዲያ አዙርልኝ።"

ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። ቁርጡ መጣ። ስለ ልጁ ሠርግ እያወራ ይጎርሳል፣ እየጎረሰ ያወራል።

ወሬው መሃል ላይ ቆመ።

በሁለት እጁ ጉሮሮውን ያዘ። አይስልም፣ አይናገርም። ፊቱ ጠቆረ።

ውኃ አቀረብኩለት። እንደማይሰጥ ተምሬ ነበር፤ ሰጠሁት። ባለ ሥጋ ቤቱ ጀርባውን ደጋግሞ መታው። ምንም። ዓለማየሁ ከወንበሩ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

የተማርኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ በነነ። የቀረው "ሰው ጥሩ" የሚለው ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። ጥሩምባው ግን እጄ ላይ ነው።

ነፋሁት።

ብየዳው ደግሞ አዲስ ነው፤ ሳሪስ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ባለ ሥጋ ቤቱ ውጭ ቆሞ ለአምቡላንስ ሲደውል "ዓለማየሁ" ማለቱን ሰምተው ለቅሶውን ጀመሩት። የዕድሩ ዕቃ ቤት እዚያው ጀርባ ስለሆነ ጎረምሶቹ የድንኳን ምሰሶ ተሸክመው ደረሱ። ለማንም ሞት እንዲህ ፈጥነው አያውቁም።

እኔ ጥሩምባዬን አቅፌ ቆሜያለሁ።

ይሄኔ ማዶ ያለው ሱቅ ባለቤት ሰዉን ገፍታ ገባች። እሷም ከእኛ ጋር ሠልጥናለች። ጎንበስ ብላ አየችው።

"ማን ነው ሞተ ያላችሁ? ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ።"

አስወጥታቸው በሩን ገርበብ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ያን ነገር ያስቀምጡና እዚህ ይንበርከኩ።"

መዳፏን በመዳፏ ላይ አድርጋ ደረቱን መጫን ጀመረች። ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ሠላሳ ስትደርስ አፉን ከፍታ ታያለች። የለም። እንደገና ትጫናለች። ላቧ ሲንጠባጠብ "አሁን እርስዎ ይቀበሉኝ" አለችኝ። እጄን አስቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ እሱ ሆዱ ነው።"

እጄን ይዛ ደረቱ መሃል ላይ አደረገችው።

"ጠንከር ያድርጉት። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል።"

እጫናለሁ፣ አለቅሳለሁ። ነገ በየመንደሩ የምጠራው የእሱን ስም ነው እያልኩ አስባለሁ። እሷ ግን ቁጥሯን አላቋረጠችም። ሠላሳ ላይ አፉን ከፈተች።

"ታየኝ" አለች። በሁለት ጣቷ ይዛ ሳበችው። የክብሪት ቀፎ ያክላል።

ዓለማየሁ አንዴ አቃሰተ። ሳለ። ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። ያየው የእኔን ፊት ነው፤ የሰማው ደግሞ የገዛ ለቅሶውን። በበሩ ክፍተት ምሰሶው ላይ አፈጠጠ።

"አንተ በቀለ" አለኝ በተሰባበረ ድምፅ፣ "ሰው እስኪሞት እንኳ አትታገስም?"

አምቡላንሱ ለምርመራ ጤና ጣቢያ ወሰደው፤ እኛም ተከተልነው። እህቱ ከገላን ኮንዶሚኒየም እየጮኸች መጥታ ጤና ጣቢያው በር ላይ ደረሰች። ወንድሟ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጎኔን አመመኝ ይላል። "ማን ነው የነፋው?" አለች። የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ። እስካሁን ሰላም አትለኝም።

ይሄን ግን እናንተም ሳቁበት ብዬ ነው። ውርደቴ ሌላ ነው።

ዛሬ የዕድር ስብሰባ ነበር። ዓለማየሁ ተነሥቶ "ዓይኔን ስገልጥ እጁን ደረቴ ላይ አገኘሁት፤ ያዳነኝ በቀለ ነው" ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ሰዉ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ መረቁኝ። "ቸኳዩ በቀለ" ሲሉኝ ስለከረሙ ጭብጨባው ጣፈጠኝ።

ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። አዎ፣ እጅ ነሣሁ!

ባለ ሱቋ ዕድሯ ሌላ ስለሆነ እዚያ አልነበረችም። ስወጣ በሯ ላይ ቆማ "ጋሽ ዓለማየሁ ተሻላቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ደኅና ነው" ብዬ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

በዚህ ዕድሜ የሰው ጭብጨባ ይሰረቃል?

ለዚህ ፖስት ላይክ አታድርጉልኝ። ዓለማየሁ፣ ልጅህ ታነብልህ። ሥጋውን ከጉሮሮህ ያወጣችው፣ የእኔንም እጅ ከሆድህ አንሥታ ደረትህ ላይ ያስቀመጠችው ባለ ሱቋ ናት። ዘሃራ ትባላለች።