የጳጉሜን ዝናብና ጣራ የሚመረምረው ካድሬ

ጳጉሜን ትንሽ ናት ብሎ ከወር የማይቆጥራት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንዲህ ያለው ሰው የጳጉሜን ሦስቱን ሩፋኤል አያውቅም። በዚያ ቀን ሰማይ ይከፈታል፤ ዝናቡ ጠበል ነው፤ ሊጣችን ላይ እንኳ ጠብ እናደርገዋለን።

በደርግ ጊዜ እዚህ ወገዳ ከተማችን አንድ ካድሬ ነበረን። ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ ያስተምረናል። ታዲያ ልክ በሩፋኤል ዕለት በጠዋት ስብሰባ ጠራን። ዝናብ እንዳይመታን አዝኖልን ይሆን?

አጠገቤ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ልጄ ተቀምጣለች፤ ወሯ ገብቷል። ሩፋኤል ማኅፀን ፈቺ ነው፤ ዝናቡ ሳይነካት እንዴት ትገላገላለች እያልሁ በሩን በሩን አያለሁ። ብንወጣ ደግሞ አድኃሪ መባላችን ነው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ካድሬው ንግግሩን አቋረጠ። «ጣራው ያፈስ እንደሆን አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። እኔም እየፈራሁ ተከተልሁት። ከአዳራሹ ጀርባ ኮፍያውን በብብቱ ይዞ፣ ፊቱን ለሰማይ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ጣራ ተጨፍኖ ይታያል እንዴ?

ዓይኑን ሲገልጥ አየኝ። ከሁለታችን ማን የበለጠ እንደደነገጠ እንጃ።

«እትዬ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ጣራው ያፈስ እንደሆን ልይ ብዬ ነው፣ ጓድ።»

 ውሃው ከአፍንጫው ይንጠባጠባል።

«ጣራው ሰፊ ነው፤ ለሁለት ሰው አይቻልም» አለኝ። «ያቺን ነፍሰ ጡር ልጅዎን ይጥሯት። እሷም ቀስ ብላ ትመርምር።»